የጥናት ጽሑፍን ለመጽሔት ስለ ማሰናዳት፤ በተለይም ስለ ስም፣ ስለ ዘመን አቆጣጠርና ስለ ፊደል

ኢትዮጵያን የሚመለከት ጥናት በውጭ አገር ቋንቋ ለሚታተም መጽሔት ሲላክ ተቀባይነት የሚያጣው ሁልጊዜ በሐሳቡ ድክመት አይደለም። ብዙ ጽሑፍ ከገምጋሚዎች እጅ ሳይደርስ ከአዘጋጁ ጠረጴዛ ይመለሳል። ወይ ከመጽሔቱ ዓላማ ጋር አይገጥምም፣ ወይ ከተወሰነለት ርዝመት አልፏል፣ ወይም ዋቢዎቹ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ አዘጋጁ በጸሐፊው ላይ ሊኖረው የሚገባውን እምነት ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ያጣል። በየቤተ መዛግብቱ ለዓመታት የተደከመበት ሥራ በሁለት መስመር ደብዳቤ ሲመለስ የሚጎዳው ጸሐፊው ብቻ አይደለም። በአንድ ጉዳይ ላይ ምንጮቹን በቋንቋቸው ሊያነብ የሚችለው ሰው ከውይይቱ ወጥቶ፣ ጉዳዩ ምንጮቹን በትርጉም ብቻ ለሚያውቋቸው ይተዋል።

ለዚህ የራሳችን ስንፍና ብቻ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። የመጽሔቶቹ ደንቦች የተቀረጹት የቤተሰብ ስም ላላቸው፣ በግሪጎርዮስ የዘመን አቆጣጠር ለሚመሩና በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ሕዝቦች ነው። እኛ በሦስቱም የተለየን ነን። ስለዚህ ሌላው ጸሐፊ ሳያስብበት የሚያልፈውን ነገር ኢትዮጵያዊው ጸሐፊ አስቦና ወስኖ መሥራት ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚያተኩረው በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ነው። ሌላው ጠቅላላ ሥርዐት በየመጽሔቱ መመሪያ ስለሚገኝ በአጭሩ ይታለፋል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጽሑፍን መልክ መጠበቅ ከውጭ የመጣብን ልማድ አድርጎ የሚቈጥር ካለ የቁም ጸሐፊን ሥራ ያስታውስ። ቁም ጸሐፊ አንዲት ፊደል ከመጣሉ በፊት ብራናውን ፍቆ፣ ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግቶ፣ መስመሩን አስምሮ፣ ዐምዱን ከፍሎ ይነሣል። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚገባ፣ ምዕራፉ የት እንደሚጀምር አስቀድሞ ያውቃል። መልኩ የተበላሸ መጽሐፍ ንባቡም እንደሚያጠራጥር የተረዱት አባቶቻችን ናቸው።

ከመላክ በፊት

የመጀመሪያው ሥራ መጽሔቱን መምረጥ ነው፤ ይህም ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲታሰብ ሊሆን ይገባል። በኢትዮጵያ ጥናት ላይ ብቻ የሚያተኩሩ የታወቁ መጽሔቶች አሉ። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት፣ በሐምቡርግ ከ1998 ወዲህ የሚወጣው «ኤቲዮፒካ»፣ ከ1955 ጀምሮ በፈረንሳዮች የሚታተመው «አናል ዴትዮፒ» ከነዚህ ይገኙበታል። ከእነዚህ ለአንዱ የሚጽፍ ሰው ዘመነ መሳፍንት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ለአንድ ጠቅላላ የአፍሪካ ታሪክ ወይም የፖለቲካ ሳይንስ መጽሔት የሚጽፍ ግን ማስረዳት ብቻ ሳይሆን፣ ኢትዮጵያን የማያውቀው አንባቢ ይህን ማወቁ ስለ ሌላ አገር ምን እንደሚያስተምረው ማሳየት አለበት። አንድ ጽሑፍ ለሁለቱም ዓይነት አንባቢ እኩል አይሆንም። የመረጡትን መጽሔት የቅርብ ሦስት አራት እትሞች ማንበብ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጥ ያስተምራል።

ስለ አወቃቀሩ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘንድ ነገርን ከሥሩ መጀመር የአዋቂነት ምልክት ነው፤ ስለ ኻያኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ይዞታ የሚጽፍ ሰው ከአክሱም ቢነሣ የሚነቅፈው የለም። የመጽሔት ገምጋሚ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ውስጥ ሦስት ነገሮች ይፈልጋል፤ ጥያቄው ምንድን ነው፣ ከዚህ በፊት እነማን ምን መለሱ፣ ይህ ጸሐፊ በምን ማስረጃ ምን ይጨምራል። ከንግሥተ ሳባ ተነሥቶ በዐሥረኛው ገጽ ወደ ነገሩ የሚደርስ ጽሑፍ ገምጋሚው ሰልችቶት ያቆመዋል። አኅጽሮተ ጥናቱም የጽሑፉ መግቢያ ሳይሆን የጽሑፉ ፍሬ ነው። «ይህ ጥናት ስለ እገሌ ያትታል» ብሎ ማለፍ ሳይሆን የተገኘውን ውጤት በግልጽ መናገር ይኖርበታል፤ ከመቶ ሰው ዘጠናው ከዚያ አልፎ አያነብምና እንደዚያ ታስቦ ቢጻፍ መልካም ነው።

ስለ ስም

ከሁሉ ይበልጥ ጉዳት የሚያስከትለው የስም ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ከበደ የወለደው አበበ «አበበ ከበደ» ይባላል፤ የአበበ ልጅ ግን «አልማዝ አበበ» ናት። ሁለተኛውን ስም ወደ ፊት አምጥቶ በነጠላ ሰረዝ የሚለየው የምዕራባውያን ሥርዐት አበበን «ከበደ» ብሎ ሲጠራው የሚጠራው አባቱን ነው። «ከበደ እንዳረጋገጠው» ተብሎ ሲጻፍ ከበደ ምንም ያረጋገጠው ነገር የለም።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው። ችግሩ ሥራዎች መጥፋታቸው ነው። ታደሰ ታምራት በ1972 በኦክስፎርድ ያሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ በአንዱ መጽሐፍ ዋቢ «ታደሰ ታምራት»፣ በሌላው «ታምራት፣ ታደሰ»፣ በሦስተኛው «ታምራት፣ ቲ.» ተብሎ ቢገባ፣ ጠቋሚ የሚያዘጋጀው ኮምፒዩተር ሦስት ደራሲዎች ያሉ ይመስለዋል። ሁለት ቃል ያለው ስም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እንደ ምዕራባውያን ሥርዐት ቢጻፉ «ሥላሴ» በሚለው ሥር ይገባሉ፤ ሀብለ የሚለው በአንዲት ፊደል ያጥራል። ገብረ መድኅን፣ ወልደ አማኑኤል፣ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ አባቶች ያሏቸው ሁሉ ይህ ዕጣ ይደርስባቸዋል። እዚህ ላይ ሥላሴን የመጽሐፍ ደራሲ ማድረግ ድፍረት እንደሆነ ለባዕድ አዘጋጅ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔቶች የተለመደው ሥርዐት የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጡና ነጠላ ሰረዝ ሳያስገቡ በመጀመሪያ ስማቸው መደርደር ነው። ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም ይህንኑ ተከትሏል። ለጠቅላላ መጽሔት የሚጽፍ ሰው ይህን ሥርዐት ለመከተል ከፈለገ ከመላኩ በፊት ለአዘጋጁ በአጭር ደብዳቤ ማሳወቅና በመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ ላይ «የኢትዮጵያውያን ስም እንደ አገሩ ልማድ በመጀመሪያ ስም ተደርድሯል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ማስገባት ይበቃዋል። አብዛኞቹ አዘጋጆች ምክንያቱ ከተነገራቸው አይቃወሙም። ዝም ብሎ የላከ ሰው ግን የማተሚያ ቤቱ አራሚ ሁሉንም ገልብጦለት ያገኘዋል።

ዋቢ መሰብሰቢያ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም ስምን በሁለት ሣጥን ከፍለው ስለሚቀበሉ በራሳቸው ይገለብጣሉ። «ዞቴሮ» በተባለው ፕሮግራም ግን የመሥሪያ ቤት ስም እንደሚገባበት ሁሉ ስሙን በአንድ ሣጥን ብቻ ማስገባት ይቻላል፤ እንዲህ ከተደረገ አይገለበጥም።

የጸሐፊው የራሱ ስም ሌላ ጉዳይ ነው። በስደት ያለን ሰዎች በፓስፖርት፣ በመኖሪያ ፈቃድና በዜግነት ወረቀት ላይ ስማችን ልዩ ልዩ መልክ ይዟል። አንዳንዱ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል፤ ሌላው ሁለቱን የአባት ስም ቃላት አጣብቆ ጽፏቸዋል፤ አንዳንዷም በባሏ ስም ተመዝግባለች። ከነዚህ የትኛው ይሻላል ብሎ መፍረድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንዱን መርጦ ከመጀመሪያው ሕትመት እስከ መጨረሻው በአንድ የላቲን አጻጻፍ መጽናት ነው። ታደሰ የሚለው ስም እንኳ «ደ» ጠብቆ ስለሚነበብ በአንድ ወይም በሁለት ፊደል፣ «ሰ»ም እንዲሁ በአንድ ወይም በሁለት እየተጻፈ አራት መልክ ይኖረዋል። ከ2012 ጀምሮ «ኦርኪድ» የተባለው ድርጅት ለእያንዳንዱ ተመራማሪ በነፃ የሚሰጠው ባለ 16 አኃዝ መለያ ቍጥር ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ መድኃኒት ነው። ስሙ ቢለያይም ቍጥሩ አይለያይም።

የሌሎችን ስም ስንጽፍ ሕጉ ቀላል ነው። ደራሲው በላቲን ፊደል ያሳተመው ነገር ካለ ራሱ የመረጠውን አጻጻፍ መያዝ፤ በአማርኛ ብቻ ከጻፈ ለጠቅላላው ጽሑፍ በተመረጠው ሥርዐት መገልበጥ።

ስለ ዘመን አቆጣጠር

በአማርኛ መጻሕፍት ላይ የሚገኘው ዓመት የኢትዮጵያ ነው። ይህንን ወደ ግሪጎርዮስ ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት መደመር እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል፤ መቼ ሰባት መቼ ስምንት የሚለው ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመስከረም 1 ቀን እስከ አውሮፓ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን ስምንት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 በአውሮፓ መስከረም 12 ቀን 1974 ነው። በልማድ ስምንት የደመረ ሰው 1975 ላይ ይደርስና አብዮቱን በአንድ ዓመት ያዘገየዋል።

ወሩ ያልተጻፈበት መጽሐፍ ሲሆን በዘፈቀደ አንዱን መምረጥ ስሕተት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታተመ። ይህ 1965/66 ተብሎ በእዝባር መጻፍ አለበት። በብዙ ዋቢዎች ላይ 1966 ብቻ የሚታየው፣ አልፎ አልፎም 1958 ሳይለወጥ የሚገባው፣ መጽሐፉ በየቦታው በተለያየ ዕድሜ እንዲገኝ አድርጎታል። የተሻለው ዘዴ ሁለቱንም ማስቀመጥ ነው፤ በመጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት አስቀድሞ፣ የተመለሰውን በቅንፍ። አንባቢው መጽሐፉን በእጁ ሲይዝ ያንኑ ቍጥር ያገኛልና።

በአኅጽሮተ ቃላት ላይ ያለውም ግርታ ቀላል አይደለም። በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ አቆጣጠር» እና «የአውሮፓ አቆጣጠር» የሚሉት ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፊደላት ስለሚያጥሩ አንዱ ጸሐፊ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ይጠቀምባቸዋል። በአማርኛም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን «እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ የሚያነብ አይታጣም። ስለዚህ በመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ ላይ መፍታት ግዴታ ነው።

ለቀን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን በአውሮፓ መጋቢት 1 ቀን 1896 ነው። ዛሬ በዓሉ የሚውለው ግን መጋቢት 2 ቀን ነው። ይህ የሆነው በግሪጎርዮስ አቆጣጠር 1900 ሠግር ዓመት ስላልነበረና ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ስለጨመረ ነው። የዘመኑን የግድግዳ መቍጠሪያ ይዞ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን የሚመልስ ሰው ዘወትር አንድ ቀን ይስታል። ወደ ኋላ በተሄደ ቍጥር ደግሞ የሚስተው ይጨምራል። በብራና መጻሕፍት ላይ ዓመተ ዓለም ከተገኘ 5500 መቀነስ፣ ዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 መደመር ወደ ዓመተ ምሕረት ያደርሳል። አንዳንድ ጽሑፍ ግን በየ532 ዓመቱ እንደ አዲስ የሚጀምረውን ዐውደ ቀመር ስለሚከተል፣ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰውን ንጉሥ ወይም ጳጳስ ሳያገናዝቡ ቍጥሩን ብቻ መመለስ ወደ ገደል ይወስዳል።

ስለ ፊደል

ፊደላችንን ወደ ላቲን ለመገልበጥ አንድ ብቻ ሥርዐት ቢኖር ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን ብዙ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ይቃረናሉ። ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ሥርዐት የግዕዙ «ለ» ድምፅ በራሱ ላይ ሁለት ነጥብ ባለበት «ኤ» ሲጻፍ፣ ራብዑ «ላ» ምልክት በሌለው ተራ «ኤ» ይጻፋል። በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ሠንጠረዥ ግን ተራው ፊደል ለግዕዙ ሆኖ፣ ራብዑ በላዩ አግድም ሰረዝ ይደረግበታል። እንግዲህ ያው ተራ ፊደል በአንዱ «ለ»፣ በሌላው «ላ» ማለት ነው። ከቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የተቀዳ ርእስ ከኢንሳይክሎፒዲያው ከተቀዳ ስም ጋር በአንድ ገጽ ሲቀላቀል፣ አንባቢው ዋናውን ቃል መልሶ ሊያገኘው አይችልም። መገልበጥ ያስፈለገበት ምክንያትም ያው መልሶ ማግኘት ነበር። ስለዚህ ከካታሎግ መቅዳት ሳይሆን፣ የመጽሐፉን ሽፋን አይቶ በመረጡት ሥርዐት ራስን ችሎ መገልበጥ ይገባል።

ሞክሼ ፊደላት፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ፣ በአማርኛ ንባብ ባይለያዩም በግዕዝ ጥናት ላይ ግን ትርጕም ይለውጣሉ። የግዕዝ ምንጭ የሚጠቅስ ሰው ሊለያቸው ግድ ነው። ሌላው ፊደላችን የማይገልጸው የመጥበቅና የመላላት ጉዳይ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜ አለመድረሱን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። የሚገለብጠው ሰው የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ መጻፍ ስላለበት ቋንቋውን የሚያውቅ ጸሐፊ ከባዕዱ የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነበር። የሚያሳዝነው በብዙ ጽሑፎቻችን ላይ በዚህ ረገድ ቸልተኝነት መታየቱ ነው።

በመጨረሻም ስለ ኮምፒዩተሩ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ የተካተተው በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የየራሱን ኮድ ይጠቀም ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደላት ትርምስ ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን የተሰበሰቡ የቃል ምስክሮችና ቅጂዎች ያላችሁ ሰዎች፣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ሳትመልሱ ለማንም መጽሔት አትላኩ፤ ከተመለሰም በኋላ ፊደል በፊደል መታረም አለበት። አዘጋጁ ዘንድ ፊደሉ እንዲታይ ፎንቱ ከፒ.ዲ.ኤፍ. ጋር ተጣብቆ መሄዱን በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ከፍቶ ማረጋገጥ አይከፋም።

ምንጭን ስለ መጥቀስ

ብራና ሲጠቀስ የሚገኝበት ቦታ፣ የመደብ ቍጥሩ፣ የቅጠሉ ቍጥርና ገጹ የፊት ወይም የኋላ መሆኑ አብሮ ይጻፋል። በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የማይክሮፊልም ስብስብ የተጠቀመ ሰው የፊልሙን ቍጥር ብቻ ሳይሆን መጽሐፉ የተነሣበትን ገዳም ወይም ደብር ቢጠቅስ፣ ባለቤቱን ቤተ ክርስቲያን ከጥናቱ አያስወጣትም።

የቃል ምስክር ግን ከብራና ይለያል። ደንቡ የተናጋሪው ስም፣ ቦታና ቀን እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲም ተናጋሪው ፈቅዶ ስለ መናገሩ ማስረጃ ይፈልጋል። እኛ የምንጽፈው ከሩቅ ሆነን ነው። ተናጋሪው ግን በሰፈሩ ይኖራል። ስለ መሬት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ እስራት የነገረን ሰው ስሙ ታትሞ መውጣቱ ምን እንደሚያመጣበት ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል። ፈቃዱ ከዓመታት በፊት በሌላ ሁኔታ የተሰጠ ከሆነ እንደገና ይጠየቅ። ሊገኝ ካልቻለ ስሙን በምልክት መተካትና ይህንኑ ለአዘጋጁ ማስረዳት ይቻላል። ስሙን አውጥቶ የመንደሩን፣ የሥራውንና የዕድሜውን ዝርዝር መተው ግን ስውርነት አይባልም፤ የሚያውቁት ሁሉ ይለዩታል።

ከተላከ በኋላ

አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለአንድ መጽሔት ብቻ ይላካል። በአማርኛ በማኅበር መጽሔት የወጣን ጥናት በእንግሊዝኛ አስፋፍቶ ለሌላ መላክ ነውር አይደለም፤ ለአዘጋጁ አስቀድሞ ካልተነገረ ግን እንደ ማጭበርበር ይቈጠራል። ገምጋሚዎች ስም እንዳያዩ ስለሚፈለግ፣ «ባለፈው ጥናቴ እንዳሳየሁት» የሚሉት ሐረጎች ወጥተው ስሙ ከፋይሉ መረጃ ጭምር መፋቅ አለበት። መቼም በኢትዮጵያ ጥናት የምንተዋወቅ ጥቂቶች ስለሆንን ጸሐፊው ማን እንደሆነ ገምጋሚው ከዋቢዎቹ ሳይገምት አይቀርም፤ ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው።

የገምጋሚዎች አስተያየት ሲመጣ ብዙ ሰው እንደ ስድብ ይወስደዋል። «አሻሽለህ መልስ» የሚለው ደብዳቤ እንቢታ አይደለም፤ የተሳካላቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ በዚያ መንገድ ያለፉ ናቸው። እያንዳንዱን አስተያየት በተራ ጠቅሶ የተደረገውን መጻፍ፣ የማይስማሙበትንም በማስረጃ መመለስ ይበቃል።

ከነዚህ ሁሉ የሚከፋው በተላከ በሳምንት «ተቀብለናል፣ ክፍያ ላኩ» የሚል መልስ ነው። ገምጋሚ የሌላቸው፣ ገንዘብ ብቻ የሚሰበስቡ መጽሔቶች በዝተዋል። የኮሎራዶው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል ያዘጋጁት የነበረው የእነዚህ መጽሔቶች ዝርዝር በጥር 2017 ተዘግቷል፤ ስለዚህ መመርመር የየራሳችን ድርሻ ሆኗል። የአዘጋጆቹ ስም እውነተኛ መሆኑን ለራሳቸው ጽፎ መጠየቅ፣ በ2003 የተቋቋመው የክፍት መጽሔቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩን ማየት፣ የታተሙትን ሁለት ሦስት ጽሑፎች ማንበብ ያስፈልጋል። አገር ቤት ያሉ ባልደረቦቻችን ለማዕረግ ዕድገት ብለው በጭንቅ የሚያገኙትን የውጭ ምንዛሪ ለእነዚህ ከመላካቸው በፊት ሊጠይቁን ቢችሉ፣ ለመመለስ ዝግጁ መሆን አለብን።

ጽሑፉ ከተቀበለ ማተሚያ ቤቱ የማረሚያ ገጾች ይልካል፤ የሚሰጠውም ጊዜ ጥቂት ቀናት ነው። አሳቡን ለመለወጥ ጊዜው አልፏል። የሚታየው ከፊደላቱ ሥር የነበሩት ነጥቦች መኖራቸው፣ ዐይን የነበረው ምልክት ወደ ተራ ጭረት አለመለወጡ፣ ዓመታቱ ከነእዝባራቸው መቆማቸው፣ በዋቢዎቹም ውስጥ የአባቶች ስም ከልጆቻቸው በፊት አለመግባቱ ነው። በራስጌው ላይ የሚደጋገመው አጭር የጸሐፊ ስም አብዛኛውን ጊዜ የተገለበጠ ሆኖ የሚገኘው እዚያ ነውና መጀመሪያ እርሱን ማየት ነው።